«ምን ይሰማሻል?»

ጆሯችሁን አውሱኝ። ታሪኩ ከሩቅ ይነሳል፤ የሚያበቃው ግን ከቤታችን ደጃፍ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እቆጥርላችኋለሁ።

ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ስታተን አይላንድ የምትባል ደሴት አለች። በዚያች ደሴት ኮረብታ ላይ፣ በ1913፣ ሲ ቪው የሚባል ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ተከፈተ። ያን ጊዜ ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። በሰው ተደግፎ ወደ ኮረብታው የሚወጣው ብዙ ነው፤ በእግሩ የሚወርደው ጥቂት ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነጮቹ ነርሶች በሽታውን ፈርተው ሥራቸውን እየጣሉ ሲሄዱ፣ ከተማው ከደቡብ ግዛቶች ጥቁር ነርሶችን ጠራ። በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከየሆስፒታሉ በር የሚመለሱ ሴቶች፣ ሌላው የሸሸውን በሽተኛ ሊያነሱ፣ ሊያጥቡ፣ ሊያጎርሱ መጡ። «ጥቁሮቹ መላእክት» የሚል ስም ወጣላቸው።

እነዚህ ሴቶች ፊት ማንበብ ያውቁ ነበር። ለዓመታት ያነበቡት ደግሞ የሚሞት ሰው ፊት ነው። ጣሪያ ላይ የተተከለ ዓይን፣ ሳይነካ የሚመለስ ሳህን፣ ጎብኚ ሲመጣ እንኳ ከትራሱ የማይነሳ ራስ።

በ1951 ኤድዋርድ ሮቢትዜክና ኢርቪንግ ሴሊኮፍ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በዚሁ ሆስፒታል አዲስ መድኃኒት መሞከር ጀመሩ። መድኃኒቶቹ እንደ ወንድማማች የሚቀራረቡ ናቸው፤ አንዱ አይሶኒያዚድ፣ ሌላው ኢፕሮኒያዚድ ይባላል። ሁለቱም የተቀመሙት ከሃይድራዚን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለሮኬት ነዳጅ ካዋሉት ቅመም። ለማቃጠል የታሰበው ነገር ለማዳን ዋለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ሳህኑ ባዶውን መመለስ ጀመረ። ጨምሩልን የሚል ድምፅ ተሰማ። ለወራት ከአልጋ ያልወረዱ ሰዎች ተነስተው በኮሪደሩ ይመላለሱ ጀመር። በ1952 መጀመሪያ ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ የሲ ቪው ሕሙማን ሲስቁና ሲጨፍሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አብሮ ወጣ። ቲቢ በበሳው ሳንባ የሚተነፍሱ ሰዎች ይጨፍሩ ነበር።

ሳንባቸው ገና አልዳነም። ታዲያ ልባቸውን ምን አስነሳው?

ሐኪሞቹ የሚያሳድዱት ነቀርሳውን ነበርና ጭፈራውን ከጎንዮሽ ውጤት ቆጠሩት። ኢፕሮኒያዚድ ሰውን ከልክ በላይ ያነቃቃል ተብሎ፣ ለነቀርሳው ወንድሙ አይሶኒያዚድ ተመረጠ። እሱ ዛሬም በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለቲቢ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የተተወውን ወንድም ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ናታን ክላይን የሚባል የአእምሮ ሐኪም። በኒውዮርክ ግዛት በሮክላንድ ሆስፒታል ከባልደረቦቹ ጋር ኢፕሮኒያዚድን ነቀርሳ ለሌላቸው፣ ሐዘን ለተጫናቸው ሕሙማን ሰጠና ውጤቱን በ1957 ተናገረ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን መድኃኒቱ የሰውን ጉበት እንደሚጎዳ ታወቀ፤ በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዘመኑ አጭር ነበር። ያስተማረው ነገር ግን አልሞተም፦ የሰው ልጅ ስሜት በኪኒን ሊነካ ይችላል።

አሁን ውቅያኖሱን እንሻገር። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር፣ ሙንስተርሊንገን የምትባል መንደር አለች። በመንደሯ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሮላንድ ኩን የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። ኩን የሰውን ስሜት በነጥብ ለክቶ በሠንጠረዥ መሙላት አይወድም። ከሕሙማኑ አጠገብ ተቀምጦ ረጅም ሰዓት ያዳምጣል፤ እንዴት እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ማለዳ እንዴት እንደሚነሱ ይመለከታል።

ጋይጊ የሚባለው የባዝል መድኃኒት ፋብሪካ ስም ያልወጣለት ቅመም ላከለት። መጠሪያው ቁጥር ብቻ ነው፤ ጂ 22355። መጀመሪያ የተሞከረው ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ነበር፤ አልጠቀማቸውም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን አወካቸው። ኩን ግን አልጣለውም። በጥር 1956 በከባድ ድባቴ ለተያዘች አንዲት ሴት ሰጣት። ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ተለወጠች።

ኩን እሷንና ከእሷ በኋላ የመጡትን አርባ ያህል ሕሙማን እያየ የመዘገበውን ልንገራችሁ። ፊታቸው ነፍስ ዘራ። ማለዳ ቀስቃሽ ሳይጠብቁ ተነሱ። ደረታቸው ላይ የተጫነው ነገር እንደቀለለ፣ እጅና እግራቸውን የያዘው ክብደት እንደተነሳ ተናገሩ። ዝም ብለው የነበሩት ወሬ ጀመሩ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ለውጡን አይቶ መሰከረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መድኃኒቱ ሰዎቹን አላሰከራቸውም፤ የተጫናቸውን አነሳላቸው እንጂ። ሸክም የወረደለት ሰውና መጠጥ የጠጣ ሰው ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ቀና ብለው ይሄዳሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ጤነኛ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ቢውጥ ደስታ አያገኝባቸውም። «የደስታ ኪኒን» የሚለው ስም ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

ኩን በመስከረም 1957 ዙሪክ ላይ በተደረገ የዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ግኝቱን ሲያቀርብ፣ የሰሙት ሰዎች ከደርዘን ብዙም አይበልጡም ነበር። ያ ቁጥር ብቻ የነበረው ቅመም ኢሚፕራሚን ተባለ። ከእሱ ቤተሰብ የተወለደው አሚትሪፕቲሊን ዛሬ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ሐዋሳም ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ባማረ ነበር፤ እውነቱ ግን አይለቀኝም። የሙንስተርሊንገን ሆስፒታል መዛግብት በታሪክ ተመራማሪዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2019 ታተመ። ለአሥርት ዓመታት ኩን እጅግ ብዙ ሕሙማን ላይ ገና ያልተፈቀዱ ቅመሞችን ሲሞክር እንደነበር፣ አብዛኞቹም ሳይነገራቸውና ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ እንደሆነ ወጣ። ያ ሁሉ ማዳመጥ አንድ ጥያቄ ጎድሎት ኖሯል። «ምን ይሰማሻል?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም «ትፈቅጃለሽ?» ብሎ አልጠየቀም። ስለዚህ ያቺን የመጀመሪያ ሴት ሳስብ ሁለት ነገር አብሮ ይሰማኛል፤ በመዳኗ ደስታ፣ ባለመጠየቋ ቁጭት።

እንግዲህ መድኃኒቱ ውስጣችን ገብቶ ምን ያደርጋል?

አንጎላችን በቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች አሉት። ሁለት ነርቮች ሲነጋገሩ እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። አንደኛው መልእክተኛ ቅመም ወደ ክፍተቱ ይለቃል፣ ሁለተኛው ይቀበላል። የተረፈውን ደግሞ የላከው ራሱ መልሶ ይሰበስባል። ከመልእክተኞቹ አንዱ ሴሮቶኒን ነው። ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች ይህን መልሶ መሰብሰብ ያግዳሉ፤ ሴሮቶኒኑ በክፍተቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ከዚህ ተነስቶ «ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚል አባባል ዓለምን ዞረ። ቀላል ነው፣ ለመናገርም ይመቻል። ግን በማስረጃ አልቆመም፤ በ2022 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ይህንኑ አጠናክሮ ተናገረ። ነገሩ ባዶ ጋን እንደመሙላት ቢሆን ኖሮ ሰው በዕለቱ በዳነ ነበር፤ ሴሮቶኒኑ የሚጨምረው በሰዓታት ውስጥ ነውና። የስሜት ለውጥ ግን ሁለት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። ያን ሁሉ ጊዜ አንጎል ምን ይሠራል?

የኦክስፎርዷ ተመራማሪ ካትሪን ሃርመር ለዚህ ጥያቄ ውብ መልስ ፈለገች። ድባቴ የያዘውን ሰው የሰዎች ፊት ብታሳዩት ዓይኑ ወደ ክፉው ያደላል። ፈገግታውን ያልፈዋል፣ ቁጣውን ለቅሞ ይይዛል፣ ዝም ያለውን ፊት የተቆጣ ያስመስለዋል። በ2009 በታተመው ጥናቷ ለሕሙማኑ ፀረ ድባቴ መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጣቸው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ፊቶች ቀረቡላቸው። ሕሙማኑ ሲጠየቁ አልተሻለንም አሉ። ዓይናቸው ግን ተለውጧል፤ የደስታን ፊት ከቀድሞው በተሻለ ለዩ።

አያችሁት? በዚህ ሐሳብ መሠረት መድኃኒቱ ልብን ከመንካቱ በፊት ዓይንን ይነካል። ሰውየው አሁንም ያው ሐዘንተኛ ነው፤ ግን ዛሬ ጎረቤቱ «እንደምን አደርክ» ሲለው ከድምፁ ውስጥ ንቀት አይፈልግም። ነገም አይፈልግም። ልጁ ስትስቅ ሳቋን ይሰማዋል። ቀናት እየተደማመሩ፣ ከተለወጠው ዓይን የተለቀመ ትንሽ ትንሽ ደግነት ቀስ እያለ ልብ ላይ ይደርሳል። ስለዚህም ነው ሳምንታት የሚፈጀው፤ ስለዚህም ነው ኪኒኑን የሚወስድ ሰው ደግ ፊት በዙሪያው የሚያስፈልገው። የሚያየው ፈገግታ ከሌለ የተከፈተ ዓይን ምን ይለቅማል?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሁልጊዜ የዋህ አይደሉም። እኛ ስሜትን በሆድና በአንጀት እንናገራለን። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ። የሰውነታችን ሴሮቶኒን አብላጫው የሚገኘውም አንጀት ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱን የጀመረን ሰው በቅድሚያ ማቅለሽለሽ የሚይዘውም ለዚህ ነው። አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ አንዳንዱን ቁጭ ብድግ ያሰኘዋል። በወጣቶች ላይ ደግሞ በተለይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 መድኃኒቶቹ በልጆችና በጉርምስና ዕድሜ ባሉት ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያነሳሱ እንደሚችሉ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ፤ በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ተዘረጋ። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ያላችሁ እናትና አባት፣ በእነዚያ ሳምንታት ከልጃችሁ አትራቁ። ሞትን የሚያነሳ ቃል ከሰማችሁ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1987 መጨረሻ አሜሪካ ፍሉኦክሰቲንን ፈቀደች፤ በንግድ ስሙ ፕሮዛክ። እንደቀድሞዎቹ አፍን የሚያደርቅ፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድም በቀላሉ የሚገድል አልነበረምና በሚሊዮኖች እጅ ገባ። ፒተር ክሬመር የሚባል ሐኪም በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ከመዳንም አልፈው ገና አሁን ራሳቸውን የሆኑ ያህል እንደተሰማቸው ጻፈ። ዓለም ያን ድምፅ ሰማ።

ከዚያ ቀድሞ ግን ሌላ ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ ስለነበር ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1990 ሩዶልፍ ሆን-ሳሪች የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ስለ ጥቂት ሕሙማን ጻፉ። ሕሙማኑ ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ተሽሏቸዋል፤ ግን ግድ የማጣት ስሜት አድሮባቸዋል። የሚያጓጓቸው ነገር ጠፍቷል። መጠኑ ሲቀነስ ስሜቱ ተመለሰ።

በ2009 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎችን ቁጭ አድርገው፣ ስሜታችሁ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። መልሶቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉ። ሐዘኑ ቀንሷል፤ ደስታውም ቀንሷል። ከሰዎች ጋር ሆነው በመካከላቸው መስታወት ያለ ይመስላቸዋል። ማልቀስ ሲገባቸው እንባው አይመጣም። ለአንዳንዱ ይህ እፎይታ ነው፤ በስሜት ማዕበል ሲናጥ ለኖረ ሰው የረጋ ውኃ ጸጋ ነው። ለሌላው ግን ከራሱ መለየት ነው።

በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት 669 ሕሙማን ተጠይቀው 46 በመቶዎቹ የስሜት መደንዘዝ እንዳለባቸው ተናገሩ። እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳንቸኩል። መደንዘዙ የበረታባቸው ድባቴውም ገና ያልለቀቃቸው ነበሩ። ድባቴ ራሱ ያደነዝዛል፤ የምግብን ጣዕም፣ የልጅን ጠረን፣ የዘፈንን ስሜት ይወስዳል። ሰውየው «ምንም አይሰማኝም» ሲል ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የበሽታው? ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ለዚህ ነው በ2023 የታተመው የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ሥራ ትልቅ የሆነው። ድባቴ የሌለባቸውን 66 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ወሰዱ። ከፊሎቹ ኤስሲታሎፕራም፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ቢያንስ 21 ቀን ዋጡ። ትኩረታቸውና ትውስታቸው አልተጎዳም። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰዱት፣ ትክክል ሲሠሩ የሚሰጣቸውን ማበረታቻ ተከትለው ምርጫቸውን የማስተካከል ዝንባሌያቸው ቀነሰ። በአማርኛ ስናወራው፣ ሽልማቱ አልጣማቸውም። የሩካቤ ደስታን መድረሻም እንደራቀባቸው ተናገሩ፤ ይህም በእነዚህ መድኃኒቶች የታወቀ፣ ብዙ ባልና ሚስት በዝምታ የሚሸከሙት ጉዳይ ነው። እንግዲህ በሽታ በሌለበትም መድኃኒቱ ብቻውን የስሜትን ጫፍ ሊያደበዝዝ ይችላል። ሕሙማኑ ለዓመታት ሲናገሩ የኖሩት እውነት ነበር።

ታዲያ መድኃኒቱ ይጣል? አይጣል። በ2018 ስለ 21 ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች 522 ጥናቶች፣ ከ116 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው፣ በአንድ ላይ ተመዘኑ። ሃያ አንዱም መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን በልጠው ተገኙ። ብልጫው በአማካይ መጠነኛ ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ግን በአልጋ ላይ በመቅረትና ተነስቶ ቤቱን በመምራት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። አንዲት ሴት አለች እንበል። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ናትና። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮልፌ ወይም የካ፣ ከእናንተ ግቢ ሦስተኛ በር ላይ ትኖራለች። ዓምና እንቅልፍ ከዳት፤ እንጀራ ጉሮሮዋን አላልፍ አለ። ምክንያት በሌለው ነገር ከማለዳ እስከ ማታ ታነባ ነበር። ቤተሰቡ ጸበል ወሰዳት፤ ጸበሉንም ሳትተው ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ድባቴ ነው አሏትና ፍሉኦክሰቲን ጀመረች፤ መጀመሪያ 20 ሚሊ ግራም፣ በኋላ 40። በሁለተኛው ወር ተነሳች። ሊጥ አቦካች፣ ቡና አፈላች፣ ማኅበሯን ተመለሰች። ባሏ ሻማ አበራ።

ከዚያ አጎቷ አረፉ። አባቷ ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት፣ ፊደል ያስቆጠሯት አጎት። ድንኳን ተተክሏል፣ እድርተኛው ተሰብስቧል፤ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ደግነት አንድ በአንድ ስታነሳ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። የእሷ ዓይን ግን ደረቀ። ታዝናለች፤ ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ሐዘኑ ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እንባዋን ለመደበቅ አይደለም፣ የእንባዋን አለመኖር ለመደበቅ ነው። ከጀርባዋ አንዲት ሴት «ልቧ ደንድኗል» ስትል ሰማች።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ማልቀስ ለሟች የሚከፈል የመጨረሻ ዕዳ ነው። ያን ዕዳ መክፈል ያቃታት ሴት ያን ሌሊት እንዴት ታድራለች? በሣልስቱ ወዳጇ ምክር አመጣች፦ «መድኃኒቱ ነው ያደነዘዘሽ። ወርውሪው።»

ይህ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት ያቋረጠ ሰው ራሱን ሊያዞረው፣ ጭንቅላቱን እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ብልጭ ሊያደርገው፣ ሊነጫነጭ፣ ሊባንን ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ይህን ያቀላል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚከፋው፣ የተሸሸገው ድባቴ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ መቻሉ ነው። በጎ ምክር ከሆነማ «ሄደሽ ንገሪያቸው» የሚለው ነበር። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለበሽታ ብቻ አይመስለኝም። መድኃኒቱ ያመጣውን የደበቀም መፍትሔ አይገኝለትም።

የእኛዋ ሴት ኪኒኑን አልወረወረችም። ተራዋን ጠብቃ ጤና ጣቢያው ገባች። ፀጉራቸው የሸበተ የአእምሮ ጤና ነርስ ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እንቅልፍሽ ተመለሰ?»

«ተመልሷል፣ ሲስተር።»

«ምግብስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እበላለሁ።»

እዚህ ላይ ብዙ ቀጠሮ ያልቃል። እንቅልፍ ተመለሰ፣ ምግብ ተበላ፣ ኪኒኑ ይቀጥል። ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ሲስተሯም ሰው ናቸው፣ ይደክማቸዋል። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም» አለች። ቀጥላም «ምንም ነው የሚሰማኝ፣ ሲስተር። አጎቴን ቀበርኩ፤ አላለቀስኩም።»

«ከመድኃኒቱ በፊትስ ታለቅሺ ነበር?»

«ቀን ከሌት።»

«ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደስ ይልሻል?»

አሰበች። «እንደመጣች አያለሁ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባም አውቃለሁ።»

በዚህች አጭር ወሬ ውስጥ ያ ሁሉ ምርምር አለ። ሲስተሯ የሚለዩት ያንኑ የ2017ቱን ጥናት ጥያቄ ነው፤ ይህ መደንዘዝ የድባቴው ቅሪት ነው ወይስ የመድኃኒቱ ጫና? ሴትዮዋ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ሞት አትመኝም፤ መደንዘዙ የጀመረው ደግሞ መጠኑ ከጨመረ በኋላ ነው። ሚዛኑ ወደ መድኃኒቱ አጋደለ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው ወደ 20 ሚሊ ግራም መለሷት። በየሁለት ሳምንቱ እንድትመጣ፣ ሐዘኑ ተመልሶ ከከበደ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትሮጥ ነገሯት። ይህ ካልሠራ የመድኃኒቱን ዓይነት መለወጥ እንደሚቻልም፣ ኪኒን ብቻውን የማይደርስበት ቦታ ምክርና ንግግር እንደሚደርስም አስረዷት። መጠን መቀነስ ለሁሉም አይበጅም፤ ድባቴው ገና ላለበት ሰው እንዲያውም መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህም ነው ውሳኔው ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከባለሙያ ጋር የሚሆነው።

እስካሁን የመጣንበትን መንገድ ዞር ብዬ ሳየው አንድ ነገር ይገርመኛል። ሰባ ዓመት አለፈ። የአንጎልን ሥዕል የሚያነሱ መሣሪያዎች መጡ፣ ሴሮቶኒን በየትኛው በር እንደሚያልፍ ታወቀ። አንድ ሰው ሐዘኑ ብቻ እንደቀለለ፣ ወይስ ደስታውም አብሮ እንደሄደ የሚነግረን የደም ምርመራ ግን ዛሬም የለም። ሲ ቪው ላይ ለውጡን ያወቀው ሳህን ያነሳ እጅ ነው። ሙንስተርሊንገን ላይ ያወቀው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ጆሮ ነው። መደንዘዙንም ከቤተ ሙከራው ቀድመው የተናገሩት የሚወስዱት ሰዎች ናቸው። በጎን የተጻፈው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ዋናው ሆኖ ተገኘ፤ ጭፈራውም፣ የጠፋው እንባም። የጎንዮሽ የሚባለውን አትናቁ የምለው ለዚህ ነው። የሰው ሕይወት የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

መድኃኒት ለምትወስዱ እላለሁ፦ መዳናችሁ ስሜታችሁን በዋጋ የሚያስከፍል መስሎ ከተሰማችሁ ውለታ ቢስ መባልን አትፍሩ፤ ተናገሩ። ለምታስታምሙ እላለሁ፦ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ከሚለው በኋላ ሌላ ጥያቄ አለ። ነጭ ጋዋን ለለበሳችሁም፣ ወረፋው ረጅም እንደሆነ እያወቅሁ እላለሁ፦ እስክሪብቶውን ለአፍታ አስቀምጡት።

ሴትዮዋስ? በሁለተኛው ቀጠሮዋ ተለውጣ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ትነግራቸው ጀመር። ታክሲ ላይ ረዳቱ መልሷን አልሰጥም ብሎ ሲያመናጭቃት ደሟ ፈላ፤ መልሷን ሳትቀበል አልወረድም ብላ ተሟገተች፤ ከወረደችም በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ተናደድኩ፣ ሲስተር» አለች። «በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ቤት ስገባ የአጎቴን ጋቢ አየሁት።»

ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለችም። ሲስተሯም አላስቸኮሏትም። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ ጠበቋት፤ ስትጨርስ እስክሪብቶውን አንስተው ካርዷ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም «ተናዳለች፤ አልቅሳለች» ብለው መዘገቡ።